ሸክምና ዘንግ፦ የተሽከርካሪ አክስል አሠራር፣ እንክብካቤና ማሻሻል

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለሕዝብ ክፍት በነበረው የፋኩልቲው ተከታታይ ንግግር ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)



ስለ መኪና በምንነጋገርበት ጊዜ አብዛኛውን ክብር የሚወስደው ሞተሩ ነው። ስለ ፈረስ ጉልበቱ፣ ስለ ነዳጅ አጠቃቀሙ፣ ስለ ድምፁ ሳይቀር እናወራለን። ከሥር ሆኖ ጭቃና አቧራ እየጠጣ ሸክሙን ሁሉ የሚችለውን አክስል ግን የምናስታውሰው ሲሰበር ብቻ ነው። ዛሬ ማምሻውን በሦስት ጥያቄዎች ዙሪያ እናገራለሁ። አክስል ምን ይሠራል? በምን ምክንያት ይሞታል? ዕድሜውን ማራዘምና አቅሙን ማሳደግ የሚቻለውስ እንዴት ነው? በመጨረሻም ጉዳዩ ከጋራዥ አልፎ ፍትሕንና የሰውን ሕይወት የሚነካ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

አስቀድሜ ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። የጋራዦቻችን ቋንቋ በአመዛኙ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ኮሮና፣ ዳዶ፣ ቶርኖ፣ ክሪክ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከዚያ መጥተው አማርኛ ሆነዋል። እኔም ዛሬ በእነዚሁ ቃላት እጠቀማለሁ። መካኒኩ የማያውቀውን ስም እየፈጠርን ለመካኒኩ የሚጠቅም ዕውቀት አስተላለፍን ማለት አይቻልምና።

አክስል ምንድን ነው?

በየከተማው የምናያቸውን የፈረስና የአህያ ጋሪዎች አስቡ። ብዙዎቹ ከአሮጌ መኪና በተፈታ አክስልና ጎማ የተሠሩ ናቸው። የጋሪው አክስል አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ ሸክም መቻል። ጎማው በኩሽኔታ ላይ ይሽከረከራል እንጂ አክስሉ ጎማውን አይነዳውም። እንዲህ ያለውን የማይነዳ አክስል እንለዋለን፤ የከባድ መኪና ተጎታች አክስልም ከዚሁ ወገን ነው። ከሞተር የመጣውን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰው ደግሞ የሚነዳ አክስል ይባላል።

የሚነዳ አክስል ቢያንስ አራት ኃላፊነቶች አሉበት። የመኪናውንና የጭነቱን ክብደት ይሸከማል። ጉልበት ያስተላልፋል። ፍሬን በሚያዝበት ጊዜ የሚፈጠረውን የመጠምዘዝ ኃይል ይቋቋማል። ጎማዎቹንም በትክክለኛ ቦታቸውና አቅጣጫቸው ይይዛል። አንድ ብረት እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ በሚፈጽምበት ሰዓት በውስጡ የሚያልፈው ጭንቀት ውስብስብ ነው፤ መታጠፍና መጠምዘዝ በላዩ ላይ ይደራረባሉ።

ጉልበቱ በካምቢዮ አልፎ በረጅሙ ዘንግ ወደ ኋላ ይመጣና በትንሹ ጥርስ፣ በፒኞኑ፣ አማካይነት ትልቁን ኮሮና ያዞራል። እዚህ ላይ አቅጣጫው በዘጠና ዲግሪ ይታጠፋል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የመጠምዘዝ ኃይሉም በዚያው ልክ ያድጋል። ኮሮናው ዲፍረንሻሉን ይዞ ይዞራል። ዲፍረንሻል ያስፈለገበት ምክንያት ቀላል ነው፤ መኪና በሚታጠፍበት ጊዜ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የሚረዝም መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ዘንግ ቢቆለፉ አንደኛው መንሸራተቱ አይቀርም። ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔኬር እ.ኤ.አ. በ1827 በእንፋሎት ለሚሄድ ተሽከርካሪ ያስመዘገበው የዲፍረንሻል ፈጠራ ይህንኑ ችግር የፈታ ነው።

ይሁን እንጂ ዲፍረንሻል ለሁለቱ ጎማዎች የሚሰጠው የመጠምዘዝ ኃይል እኩል ነው። ይህ በአስፋልት ላይ በጎ ባሕርይ ነው፤ በክረምት መረሬ አፈር ላይ ግን መዘዝ ያመጣል። አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የሚይዘው ካጣ፣ በደረቅ መሬት ላይ ያለው ጎማም የሚያገኘው ያንኑ ትንሽ ኃይል ብቻ ነው። አንዱ ጎማ በከንቱ ሲሽከረከር ሌላው ቆሞ ሲመለከት ያያችሁት ሁሉ የዚህ ሕግ ምስክሮች ናችሁ።

ሸክሙን የሚችለው ማን ነው?

ከዲፍረንሻሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎማዎች የሚሄዱትን ሁለት ዘንጎች የጎን ዘንግ ልበላቸው። በእነዚህ ረገድ ሁለት ዋና ዋና አሠራሮች አሉ፤ ልዩነታቸውንም ማንኛውም የመኪና ባለቤት ሊያውቀው ይገባል።

በመጀመሪያው አሠራር የጎን ዘንጉ ጎማውን ያዞራል፤ የመኪናውንም ክብደት ይሸከማል። ጎማው የታሰረው በራሱ በዘንጉ ጫፍ ላይ ነው። እንደ ሃይሉክስ ያሉ ፒክአፖች የኋላ አክስል በአመዛኙ እንዲህ ነው። ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ዘንጉ ከኩሽኔታው ወደ ውጭ ባለው ክፍል ከተሰበረ ጎማው ከነተሰበረው ቁራጭ ጥሎ ሊሄድ ይችላል።

በሁለተኛው አሠራር ክብደቱን የሚሸከመው በአክስሉ ቤት ጫፍ ላይ በሁለት ኩሽኔታዎች የተቀመጠው የጎማ እምብርት ነው። የጎን ዘንጉ ሥራ መጠምዘዝ ብቻ ነው። እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ያሉ የጭነት መኪኖች፣ እንዲሁም ለከባድ ሥራ የተሠሩት የላንድክሩዘር 70 ዓይነቶች በብዛት በዚህ መልክ የተሠሩ ናቸው። መካኒኩ ጎማውን ሳያወልቅ፣ መኪናውንም በክሪክ ሳያነሣ ዘንጉን ስቦ ማውጣት ይችላል። ዘንጉ ቢሰበር መኪናው መሄድ ያቆማል እንጂ ጎማው አይወልቅም።

የፊት ጎማ የሚነዳቸው ትንንሽ መኪኖች፣ ለምሳሌ ቪትዝ፣ ሌላ መላ አላቸው። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ዲፍረንሻሉ በአንድነት ከፊት ተቀምጠው፣ ሁለቱ ዘንጎች በየጫፋቸው በሚተጣጠፉ መገጣጠሚያዎች ጉልበቱን ያደርሳሉ። የዚህ ሥርዓት ነፍስ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው የጎማ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ሲቀደድ ግሪሱ ተፈናጥሮ ይወጣል፤ አሸዋና ውኃ በቦታው ይገባሉ። ከዚያ በኋላ በሙሉ መሪ ስትታጠፉ የምትሰሙት “ቀጭ ቀጭ” የሚል ድምፅ የመገጣጠሚያው የመጨረሻ ልመና ነው። ከረጢት መቀየር ቀላል ወጪ ነው፤ ከረጢቱን ቸል ያለ ሰው ግን ሙሉውን ዘንግ ይገዛል።

የብረት ድካም

አሁን ወደ ንግግሬ ልብ እገባለሁ። ብረት ለምን ይሰበራል? ብዙ ሰው “ሸክም በዝቶበት” ወይም “ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ” ብሎ ይመልሳል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ስብራቱ ከወራት በፊት የተጀመረ ሥራ ፍጻሜ ነው።

የሰው ልጅ ይህን የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል ሜዶን በተባለ ስፍራ ተሰብሮ ፉርጎዎቹ እርስ በርስ ተደራረቡ፤ እሳትም ተነሣ፤ ከ50 በላይ መንገደኞች አለቁ። በማግሥቱ ዓመት ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ራንኪን የባቡር አክስሎች ስብራት ቀስ በቀስ ከሚያድግ ስንጥቅ እንደሚመጣ፣ ስንጥቁም የዘንጉ ውፍረት በድንገት በሚለወጥበት ቦታ እንደሚጀምር አስረዳ። ከዚያም ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ አክስሎችን እያዞረ፣ እያጠፈና እየቆጠረ ባደረጋቸው ሙከራዎች ዛሬ የብረት ድካም የምንለውን ትምህርት መሠረት ጣለ። ትምህርቱ ይህ ነው፤ ብረት አንድ ጊዜ በቀላሉ የሚችለውን ሸክም ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገምበት ላይችለው ይችላል።

በቁጥር እንየው። የአንድ ፒክአፕ ጎማ ዙሪያ 2.2 ሜትር ያህል ነው ብንል በአንድ ኪሎ ሜትር ወደ 450 ጊዜ ይዞራል። በ100,000 ኪሎ ሜትር 45 ሚሊዮን ጊዜ ይሆናል። ክብደት የሚሸከም የጎን ዘንግ በእያንዳንዱ ዙር ከላይ ያለው ጎኑ ይጨመቃል፤ ከታች ያለው ይለጠጣል፤ ግማሽ ዙር ቆይቶ ደግሞ ይገለበጣል። ስለዚህ መኪናው አስፋልት ላይ በሰላም ሲሄድም ዘንጉ ይቆጥራል።

የተሰበረ ዘንግ ፊቱ የሚነበብ መጽሐፍ ነው። በድካም የተሰበረ ከሆነ ሁለት መልክ ይታይበታል። አንደኛው ልስልስ ያለ፣ ውኃ ሲሸሽ ዳር ላይ እንደሚተወው ምልክት ያለ ቅስት በቅስት የተሠራ ክፍል ነው፤ ስንጥቁ ቀስ እያለ የተጓዘበት መንገድ ማለት ነው። ሁለተኛው ሸካራና አንጸባራቂ ሲሆን በመጨረሻው ቅጽበት የተገነጠለው ነው። ቅስቶቹን ወደ ኋላ ብትከተሏቸው ወደ ስንጥቁ መነሻ ያደርሷችኋል። ሸካራው ክፍል ትንሽ ከሆነ ደግሞ ዘንጉ በተሰበረበት ሰዓት የነበረው ሸክም ከባድ አልነበረም ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እንዲህ ያለ ስብራት ወደ ቤተ ሙከራችን መጥቶ ነበር። የመኪናው ባለቤት ጥፋቱን በሾፌሩ ላይ አድርጎ ከሥራ አሰናብቶታል፤ የዘንጉንም ዋጋ ከደመወዙ ሊያስቀር ነበር። “አበላሽተህ ነድተህ ሰበርከው” ነበር ክሱ። የስብራቱን ፊት አጥበን ስናየው ከአምስት እጅ አራቱ ልስልስና በዝገት የጠቆረ ነበር። መነሻውም ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ በብየዳ ተሞልቶ በቶርኖ የተስተካከለበት ጠርዝ ነበር። ስንጥቁ ያ ሾፌር መሪውን ከመጨበጡ አስቀድሞ ሳይጀምር አልቀረም። ግኝታችንን ጽፈን ሰጠን፤ ሾፌሩም ከዕዳው ዳነ። ውድ ተማሪዎቼ፣ ብረት ማንበብ ለፈተና ብቻ የሚጠና ነገር አለመሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ብየዳን ካነሣሁ አይቀር ልጨርሰው። የጎን ዘንግ የሚሠራው ላዩ እንዲጠነክር፣ ውስጡ ግን እንዲለዝብ ተደርጎ በሙቀት ከታከመ ብረት ነው። የብየዳው እሳት ይህን ሕክምና ያፈርሰዋል። ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት በፍጥነት ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል፤ ለስንጥቅ መነሻም ይተርፋል። ቶርኖም የራሱ ጣጣ አለው። የዘንግ ጥንካሬ ከውፍረቱ ኩብ ጋር ስለሚሄድ፣ ከውፍረቱ አምስት በመቶ ብቻ ቢላጥ በውስጡ ያለው ጭንቀት 17 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ የተሰበረ ወይም የተበላ የጎን ዘንግ ይቀየራል እንጂ አይበየድም።

እንክብካቤ

የአክስል እንክብካቤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትጋት ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ ዘይት ነው። የዛሬዎቹ ፒኞኖች አብዛኛውን ጊዜ ከኮሮናው መሐል ዝቅ ብለው ስለሚቀመጡ ጥርሶቹ ከመንከባለል በተጨማሪ በከፍተኛ ግፊት እርስ በርስ ይፋተጋሉ። ይህን የሚችለው ለዚሁ የተዘጋጀ፣ ጂኤል 5 የሚል ደረጃ የተሰጠው የማርሽ ዘይት ነው። ያው ዘይት ግን የነሐስ ክፍሎች ላሏቸው አንዳንድ ካምቢዮዎች ጎጂ ሊሆን ስለሚችል “የማርሽ ዘይት ሁሉ አንድ ነው” የሚለውን አባባል ተዉት። ዘይቱ ሲቀየር መዝጊያው ብሎን ላይ ያለው ማግኔት የያዘውን ተመልከቱ። እንደ ጭቃ የላመ የብረት ዱቄት የተለመደ ነው፤ ፍንካች ካገኛችሁ ግን መኪናው ከጋራዥ አይውጣ። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል።

ውኃው እንዴት ይገባል? የአክስሉ ቤት ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በመተንፈሻው ቧንቧ ይወጣል። የጋለ አክስል ወንዝ ውስጥ ሲገባ አየሩ በድንገት ይኮማተራል፤ መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ወይም ውኃው ውስጥ ከሰጠመ አክስሉ ውኃውን በዘይት መከላከያዎቹ በኩል ይስባል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ መተንፈሻውን ማጽዳትና በቀጭን ቱቦ ከፍ ወዳለ ቦታ ማውጣት። ወንዝ ከመሻገር በፊት ጥቂት ቆሞ ማብረድም ያዋጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ ኩሽኔታ ነው። በጭነት መኪና እምብርት ውስጥ የሚገኙት ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታዎች ከላይ የሚመጣውንም ከጎን የሚመጣውንም ኃይል ይችላሉ፤ ነገር ግን አጠባበቃቸው ልክ መሆን አለበት። ከመጠን በላይ ከጠበቁ ይጋላሉ፤ ከላሉ ጎማው ይወዛወዛል። ትክክለኛው መንገድ እምብርቱን እያዞሩ ማጥበቅ፣ መልሶ ማላላት፣ ከዚያም አምራቹ በመመሪያው ባስቀመጠው ልክ ማሰር ነው። በመዶሻና በግምት የተሠራ ማስተካከያ ዕድሜ የለውም።

የአባይን በረሃ ምሳሌ ልውሰድ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ከ1000 ሜትር በላይ ነው። አሥር ቶን የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ 98 ሜጋ ጁል ይደርሳል፤ 290 ሊትር ያህል ውኃ ከ20 እስከ 100 ዲግሪ ሊያሞቅ የሚችል ኃይል ነው። ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽና በሞተር ፍሬን ካልያዘው ይህ ሙቀት በአመዛኙ የሚያርፈው በፍሬኑ ላይ ነው፤ ከፍሬኑ ወደ እምብርቱ፣ ከእምብርቱ ወደ ኩሽኔታው ግሪስ ይዘልቃል። ግሪሱ ቀልጦ ሲፈስ የፍሬን ሸራውን ይቀባዋል። በዚያች ሰዓት መኪናው ኩሽኔታውንም ፍሬኑንም በአንድነት ያጣል። ስለዚህ ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ቆማችሁ እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ እያንዳንዱ እምብርት አቅርባችሁ ሙቀቱን አወዳድሩ። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚጋል ካለ ችግሩ እዚያ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ዳዶ ነው። ጎማ ከተቀየረ በኋላ ከተወሰነ ጉዞ ቀጥሎ ዳዶዎቹ እንደገና ሊፈተሹ ይገባል፤ ቀለምና ዝገት ሲረግፍ ይላላሉና።

አንድ ቀላል ፍተሻ ልጨምር። የፈታችሁት ዘንግ ስንጥቅ እንዳለው ለማወቅ ውድ መሣሪያ ከሌላችሁ በደንብ አጽዱት፤ ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ በጨርቅ አድርቁት፤ ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ጠመኔውን አርሶ እንደ ክር ይታያል። የጥንት የባቡር ሠራተኞች በዚህ ዘዴ ይጠቀሙ ነበር። እጅግ ረቂቁን ስንጥቅ አያሳይም፤ ምንም ካለማየት ግን በብዙ ይሻላል።

ማሻሻል ወይስ ማታለል?

በአገራችን “ማሻሻል” ከሚባሉት ሥራዎች ሁሉ የበዛው ባሌስትራ መጨመር ነው። መኪናው ሲጫን ኋላው ይወርዳል፤ ባለቤቱ ሁለት ሦስት ቅጠል ያስጨምራል፤ ኋላው ቀና ይላል። ዓይን ይህን ሲያይ መኪናው የጠነከረ ይመስለዋል። ዘንጉ፣ ኩሽኔታው፣ ቸርኬው፣ ፍሬኑ ግን የቀድሞዎቹ ናቸው። የተለወጠው ነገር ቢኖር “ከበደኝ” እያለ ይጮኽ የነበረው ክፍል ዝም ማለቱ ነው።

ዋጋው ስንት ነው? የሮለር ኩሽኔታ ዕድሜ በሚታወቀው ቀመር መሠረት ሸክሙ በ25 በመቶ ቢጨምር ዕድሜው ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ሸክሙ እጥፍ ቢሆን ወደ አንድ አሥረኛ ያህል ያሽቆለቁላል። መንገዱም ዋጋውን ይከፍላል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በተካሄደው ትልቅ የመንገድ ሙከራ አንድ አክስል በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በግምት ከሸክሙ አራተኛ ርቢ ጋር እንደሚያድግ ታይቷል። በ25 በመቶ ትርፍ የተጫነ አክስል ጉዳቱ ወደ ሁለት ከግማሽ እጥፍ ይጠጋል። የሚዛን ጣቢያዎች የተቋቋሙት ባለንብረቱን ለማስጨነቅ እንዳልሆነ ከዚህ ስሌት መረዳት ይቻላል።

አባቶቻችን “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ብለዋል። ከባድ ጭነት የሚችል መኪና የሚፈልግ ሰው ሸክሙን በብዙ አክስሎች ላይ ያከፋፈለ፣ ከፋብሪካው ለዚያ የተሠራ መኪና ይግዛ።

ትልቅ ጎማ መግጠምም እንዲሁ ነው። የጎማው ራዲየስ በአሥር በመቶ ሲጨምር ያንኑ የመጎተት ኃይል ለማግኘት ዘንጉ በአሥር በመቶ የበለጠ መጠምዘዝ አለበት፤ ፍሬኑም በዚያው ልክ ይከብደዋል፤ የፍጥነት መቁጠሪያውም 80 ሲል መኪናው 88 ይሄዳል። ጎማን ወደ ውጭ የሚገፋ ማስፋፊያ ደግሞ የበለጠ አደገኛ ነው። ለምሳሌ ክብደቱ የሚያርፍበት መስመር ከኩሽኔታው 60 ሚሊ ሜትር ርቆ ከነበረና 30 ሚሊ ሜትር ከጨመርንበት፣ ዘንጉን የሚያጥፈው ኃይል በግማሽ አደገ ማለት ነው።

ታዲያ እውነተኛ ማሻሻል የለም? አለ። በጭቃ አገር የሚሠራ መኪና ሁለቱን ጎማዎች ለጊዜው የሚቆልፍ ዲፍረንሻል ቢገጠምለት ትልቅ ጥቅም ያገኛል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መቆለፊያው መለቀቅ አለበት። ዳገት ለሚበዛበት ሥራ ለዚያው ሞዴል የተዘጋጀ ሌላ የኮሮናና የፒኞን ጥምርታ መምረጥ ይቻላል፤ ሁለቱ ግን ምንጊዜም እንደ ጥንድ በአንድነት ይቀየራሉ። በውፍረቱ በአሥር በመቶ የሚበልጥ የጎን ዘንግ ጭንቀቱን ወደ 75 በመቶ ያወርደዋል። መለኪያው አንድ ጥያቄ ነው፤ “ይህን ካጠነከርኩ ቀጥሎ የሚሰበረው የቱ ነው?” ለዚህ መልስ የሌለው ማሻሻያ ስብራቱን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል እንጂ አያስቀረውም።

ማጠቃለያ

ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ሦስት ነገሮችን ይዘን ብንወጣ እወዳለሁ።

ለባለንብረቶች፦ በአይሱዙ ሻንሲ ላይ የተሠራ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ከገበያ መልስ ሰው ሞልቶ ሲሄድ፣ ያ ሁሉ ነፍስ የተንጠለጠለው በጥቂት ኩሽኔታዎችና በጥቂት ዳዶዎች ላይ ነው። ምንጩ ካልታወቀ አስመሳይ ዕቃ የምታተርፉት ገንዘብ ከዚህ ጋር አይመዘንም።

ለመካኒኮች፦ በእጃችሁ ያለው ዕውቀት ከእኛ መጽሐፍ ያልተናነሰ ነው። የተሰበረ ዘንግ ወደ ቆሻሻ ከመወርወራችሁ በፊት ፊቱን አንብቡት፤ ወይም ወደ እኛ አምጡት።

ለተማሪዎቼና ለባልደረቦቼ፦ የቮለር ኩርባ በሰሌዳ ላይ ስትሥሉት የሚያምር መስመር ነው። መስመሩ ግን የተወለደው ከተሰበሩ አክስሎችና ከሞቱ ሰዎች ነው። ቤተ ሙከራችን በራችን ላይ ለሚያልፈው መንገድ የማይጠቅም ከሆነ ለማን እንደሚጠቅም አላውቅም። ስለዚህ የዘንድሮ የመመረቂያ ሥራ ርእስ የምትፈልጉ ሁሉ፣ መጀመሪያ ቅርባችሁ ወዳለው ጋራዥ ሄዳችሁ የወዳደቀውን ብረት አገላብጣችሁ እንድትመለሱ አደራ እላችኋለሁ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ።